የእናቴን ድምፅ ላፈጠኑት ለአቶ ሙላቴ

ለጮራ የወጣቶች አዳራሽ ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ ሙላቴ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የጉና ብርድ ጉሮሮዎን እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለንግግር የተፈጠረ ጉሮሮ ነውና። እኛ ቤት፣ ታላቅ ወንድሜ ይሻው በገሳይ መንገድ ባጃጅ ተገልብጦበት ከሞተ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጸጥታ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑብኝ ነው።

አንደኛ፣ የአዳራሹ ምረቃ በቀብሩ ማግስት ቢውልም ፕሮግራም አይሰረዝም ብለው ስላሳዩን ጽናት አመሰግናለሁ። የለቅሶ ድንኳናችን ከአጥርዎ ሥር መተከሉን አላዩም አልልም፤ ለእንግዶችዎ መቀመጫ ቢያጥርዎ የዕድራችንን አግዳሚዎች እንድናውስዎ ሰው ልከው ነበርና። ሐዘን ቤት አጠገብ ሬድዮ እንኳ እንደማይከፈት እርስዎን ማስተማር ግን ድፍረት ይሆንብኛል።

ሁለተኛ፣ ዲጄው ይሻው ለምረቃው ሙዚቃ ሊያጫውት አዳራሹ ውስጥ ያስቀመጠውን ኮምፒውተር ከፍተው የመጨረሻ ሥራውን ለሕዝብ ስላሰሙልን ውለታዎ አለብን። ሥራው ምን እንደነበር ላስረዳዎ። እናታችን ወይዘሮ ፈንታነሽ ትንሿን እህቴን ስታስተኛ የምታንጎራጉረውን እሹሩሩ በስልኩ ቀርጾ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዋሕዶት ነበር። ሁለት ሙዚቃ ለማዋሐድ ምታቸው እኩል መራመድ አለበት፤ ዲጄዎች ኪ የሚሉት መነሻ ድምፃቸውም መስማማት አለበት፤ አለዚያ በአንድ ማሕሌት አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በአራራይ እንደማዜም ነው። ይሻው እማዬን ሊያፈጥናት አልወደደም። ሙዚቃውን እርሷ እስክትደርስበት አዘገየው፤ ኪውንም ወደ ድምፅዋ አወረደው። ክረምቱን ሙሉ የሠራው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፣ የክብር እንግዳው ሲገቡ ሰዉ አልጨፍር ስላለዎት፣ በገዛ እጅዎ የፍጥነቱን ዘንግ እስከ መጨረሻው ገፉት። ከጎኑ ኪውን የሚቆልፍ ቁልፍ አለ፤ ካልተጫኑት ምቱ ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይቀጥናል። አልተጫኑትም። እናቴ ልጇን ቀብራ ከድንኳኑ እንደተቀመጠች፣ የገዛ ድምፅዋ እንደ ጫጩት እየጮኸ በድምፅ ማጉያ መጣባት። ከኋላው ሳቅ መጣ። እርስዎም በማይክራፎን፣ ይቺ ደግሞ የማን ዶሮ ናት፣ ብለው ሲጠይቁ ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። መልስ ስለዘገየብዎት ይቅርታ፤ የይሻው እናት ናት።

እማዬ ያን ጊዜ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወዲህ እህቴን የምታስተኛት ዝም ብላ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች ነው።

ኮምፒውተሩ በአዳራሹ ንብረትነት ተመዝግቧል ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ ለንብረት ያለዎትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ቢሆንም ይመልሱልን። የይሻው ስልክ ከባጃጁ ሥር ስለደቀቀ፣ ያልፈጠነችው እናቴ ያለችው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

ወንበርዎ እርስዎን ለመሸከም የሚበቃ ትዕግሥት እንዲሰጠው እየጸለይሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ኤርምያስ ታደሰ፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በልጅዎ ሰርግ በይሻው ፋንታ እንዳጫውት ሰው ስለላኩብኝ ክብር ተሰምቶኛል፤ እመጣለሁ። የምረቃ ንግግርዎን የክፍል ጓደኛዬ በስልኩ ቀርጾት ስለነበር፣ ለሙሽሮቹ መግቢያ አዘጋጅቼዋለሁ። እርስዎ በገፉት ልክ አፍጥኜዋለሁ፤ ኪውን አልቆለፍሁም። አዲሶቹ አማቾችዎ የማን ዶሮ ነው ብለው ከጠየቁ፣ መልስ አላዘገይባቸውም።