የዊኒ አራት ሰዓት

ለታላቅ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ብርዱ ካለፈ ወዲህ ቀለል አለሽ? ልጅሽና የልጅ ልጆችሽ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ ደኅና ነን። ነፋሱ ብቻ ዘንድሮ አላረፈም፤ የጎረቤታችንን የበቆሎ ጎተራ ክዳን ገንጥሎ እኛ አጥር ላይ ጥሎታል። ባለቤቴ ሰላም በልልኝ ብላለች። እንደምጽፍልሽ ታውቃለች፤ ምን እንደምጽፍልሽ ግን አልነገርኳትም።

በስልክ ያልደወልኩት ሆን ብዬ ነው። ድምፅሽን ከሰማሁ የምለውን ሳልል እዘጋዋለሁ። ይህ ደብዳቤ ዛሬ ቅዳሜ ይላካል፤ ማክሰኞ እጅሽ ይገባል። ስብሰባው ሐሙስ ነው። በመሃል አንድ ሙሉ ቀን አለሽ።

አምና ግንቦት አንቺ ጡረታ ወጥተሽ ወደ ሌላ ከተማ ሄድሽ፣ እኔም የግንባታ ዕቃ ሱቄን ዘጋሁ። የመምህርነት ማመልከቻ ቅጹን የሞላሽልኝ አንቺ ነሽ። «ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧው ለምን እንደሚያፈስ ማስረዳት የማይችል ሰው ስታዳምጥ ኖረሃል፤ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ማስተማርም ከዚያ ብዙ አይርቅም» አልሽኝ። ሳቅኩ፤ ግን እውነትሽን ነበር። ያንቺ ክፍል ባዶ ስለሆነ ስቴቱ የአንድ ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠኝ። በዚያ ዓመት ውስጥ ማስተርሱን መጨረስ፣ ፈተናውን ማለፍና የርእሰ መምህሯን የድጋፍ ፊርማ ማግኘት አለብኝ። ትምህርቱ ሊያልቅ ነው፣ ፈተናውን አልፌያለሁ። የቀረው ፊርማው ነው። ጊዜያዊ ፈቃዴ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያበቃል።

ዊኒን ታስታውሻታለሽ። አሁን ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ቃል አልወጣትም፤ ያ ሥዕል የተደረደረበት ሰሌዳዋ ግን አሁንም አለ። እየቻለችበት መጥታለች። የፈለገችውን ሥዕል ትነካለች፣ ሁለቱን አገናኝታ ሐሳብ ትሠራለች። ባለፈው ሰኞ «ወተት» እና «ቀዝቃዛ» ነክታ ኩባያውን ወደ እኔ ገፋችው። ከስድሳ በላይ ሥዕል ታውቃለች። ሌላ ጥበብ የለኝም። የትምህርት ዕቅዷ በየቀኑ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሠላሳ ደቂቃ ለብቻዋ ትማር ይላል፤ እኔም ሠላሳ ደቂቃ አስተምራታለሁ።

ለኮሌጁ የመጨረሻ ሥራ አንድ ተማሪ መርጠን፣ የቆየ ማህደሩን አንብበን፣ ምን ያህል እንደተማረና ምን እንዳገኘ ጎን ለጎን አድርገን መጻፍ ነበረብን። ዊኒን መረጥኩ። ማህደሯን ሳነብ የሦስት ዓመቱ የየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ አንድም ሳይጎድል ተሞልቶ አገኘሁት። ከሥሩ ደግሞ «ሰሌዳውን መጠቀም አልቻለችም» ይላል። ፊርማው ያንቺ ነው።

ዶክተር ኡርባኔክ በወር አንድ ጊዜ ከኮሌጁ እየመጡ ከኋላ ተቀምጠው የሚያዩኝ ሴትዮ ናቸው። ረቂቄን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ነጋዴ፣ ይሄ ነገር አልገጠመልኝም። ወይ ልጅቷ ባንድ በጋ ሌላ ሰው ሆናለች፣ ወይ ወረቀቱ ይዋሻል። የቱ ነው?» አሉኝ። አጣራለሁ አልኳቸው።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ የሱቁን ማስታወሻ ደብተሮች ከሣጥን አወጣሁ። ልማዴን ታውቂዋለሽ፤ ማን እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንደተባለ እጽፋለሁ። እንዲህ ይላሉ፦

«ማክሰኞ። በረዶ። እህቴ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ለውዝ እየፈለፈለች ተቀመጠች። ስለ ሌላንድ አላወራንም።»

«ሐሙስ። እህቴ አራት ሰዓት ላይ መጣች። የሌላንድን ጃኬት ለብሳለች። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሄደች።»

«ማክሰኞ። እህቴ አራት ሰዓት ላይ። ሐኪሙ ለሌላንድ ሁለት ወር ሰጥቶታል። የቀለም ማደባለቂያውን አጠፋሁላት፤ ድምፁ ይረብሻታል።»

ባልሽ ሌላንድ ከሞተ በኋላም መምጣትሽ ቀጥሏል። ሌላ ሌላ ቀን ደግሞ ርእሰ መምህሯ ማርላ፣ መምህር በጎደለ ቁጥር ወደ ሌላ ክፍል ትልክሽ እንደነበር ራስሽ እያጉረመረምሽ ነግረሽኛል፤ እሱንም ጽፌዋለሁ። ደብተሩን አጠፍኩና አስቀመጥኩት። ከዚያ መልሼ ከፈትኩት።

የእኔንም ልንገርሽ። ያንን በርጩማ ከቀለም ማደባለቂያው አጠገብ ያስቀመጥኩልሽ እኔ ነኝ። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ «ክፍልሽን ማን ይዞታል?» ብዬ አልጠየቅኩሽም። መምጣትሽን እወደው ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንቺ ነሽ ብዬ ቀና እል ነበር።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ። በየሦስት ዓመቱ የሚደረገው የዊኒ ግምገማ ነው። የትምህርት ቤቱ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ልጅቷ የተወሰነላትን ሁሉ አግኝታ ስላልተለወጠች ሰሌዳው ይቅርና ከመጪው ነሐሴ ጀምሮ በሌላው አውራጃ ወዳለው ትምህርት ቤት ትሂድ። መንገዱ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እናቷ ጆሊን ከሥጋ ፋብሪካው ሥራ እንደወጣች፣ ቦቲ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ መጣችብኝ። «መናገር የማትችል ልጅ ሌሊት አስነሥቼ አውቶቡስ ላይ ላስቀምጥ? እዚያ አንድ ሰው ቢነካት ለማን ትነግራለች? ያቺ ሰሌዳ እኮ አፏ ናት» አለችኝ። ስለ ደብተሮቹ ግን አልነገርኳትም።

ረቡዕ ማርላ ቢሮዋ ጠራችኝ። ርእሰ መምህርት ከሆነች ወዲህ ብዙም አልተለወጠች፤ ልጅ ሆነን በመስኮት በኩል ትጣራን እንደነበረው ነው አሁንም የምትጣራው።

«ሰባት ወር ነው ያስተማርካት» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ያቃታትን እኔ በሰባት ወር አስቻልኳት ልትል ነው? እናቷ ቀጥላ ምን እንደምትጠይቅ አታውቅም?»

ያ ሦስት ዓመት የት ገባ ትላለች፣ አውቃለሁ አልኳት።

«እንግዲያው ‹አልፎ አልፎ ሥዕል ትነካለች› ብለህ ጻፍ። ውሸት አይደለም።»

አልፎ አልፎ አይደለም፣ መርጣ ነው የምትነካው አልኳት።

«ምስማር ስትሸጥም እንዲህ ሐቀኛ ነበርክ?» ብላ ሳቀች።

ምስማሩ ከታጠፈ ደንበኛው ይዞልኝ ይመጣ ነበር፣ ይቺ ልጅ ለማን ትመልሳለች አልኳት። ሳቋን ተወች። የድጋፍ ወረቀቴን ከመሳቢያ አውጥታ ብዕሯን በላዩ አጋደመችበት። «ሐሙስ ከስብሰባው በኋላ እፈርምልሃለሁ» አለች። ልወጣ ስል ደግሞ «የእህትህ ፈቃድ የሚታደሰው መቼ ነው? ጡረታ ብትወጣም እዚያ በሄደችበት አዳዲስ መምህራን ታሠለጥናለች አይደል?» አለችኝ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ገበያ ላይ እንደማደርገው የሁሉንም ትርፍና ኪሳራ አሰላሁ። ዝም ብል እኔ መምህር እሆናለሁ፣ አንቺ ስምሽ እንዳለ ይቆያል፣ ማርላም ታርፋለች። ሁላችንም እናተርፋለን፤ ከአንዷ በቀር። እንዲህ ያለ ሽያጭ ሱቄ ውስጥ አልሸጥኩም፤ አልጀምረውም።

ስለዚህ ሐሙስ ደብተሮቹን ይዤ እገባለሁ። ነገር ግን ያንቺ ቃል ቀድሞ ለዶክተር ኡርባኔክና ለጆሊን ከደረሰ ከቦርሳዬ አላወጣቸውም። ራስሽ ከጻፍሽው ሌላንድንም ትጽፊዋለሽ፤ ማርላ የወሰደቻቸውን ቀናትም ትጽፊያቸዋለሽ። የእኔ ደብተር ሰዓትና ለውዝ ብቻ ነው የሚያወራው። በዕለቱ እንዲደርሳቸው የሁለቱንም የኢሜይል አድራሻ ከዚህ ጋር አኑሬልሻለሁ። የእኔን ነገር አትጨነቂበት፤ የእንጨት መሸጫው ሰውዬ ከሐምሌ ጀምሮ ሥራ አለህ ብሎኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን አራት ሰዓት ሲሆን ዊኒ ማንም ሳይጠራት ተነሥታ በሩ አጠገብ ያለው ትንሽ ጠረጴዛ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። ሰሌዳዋን ፊቷ አድርጋ፣ እጆቿን አጣጥፋ። ረዳቷን ቬርናን ምን ሆና ነው አልኳት። «ተዋት፣ ሁልጊዜም እንዲህ ናት። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ራሷ ትነሣለች። ቀድመህ ካነሣሃት ትጮኻለች» አለችኝ። ማህደሯም ውስጥ አለ፤ ሦስቱንም ዓመት ተጽፏል። «በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ያለ ምክንያት በባዶ ጠረጴዛ ትቀመጣለች። ዓላማ የሌለው ተደጋጋሚ ባህርይ። እንድትተወው ይሠራበት።»

እኔም አንብቤ አልፌዋለሁ። ከፊት ለፊቷ የተቀመጥኩት ሌላ ወንበር ስላጣሁ ነበር።

በሰሌዳዋ ጥግ ላይ ያንቺ ፎቶ አለ፤ ራስሽ የለጠፍሽው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እኔ ከመቀመጤ እሱን ነክታ በሩን ታይ ነበር። አሁን ትታዋለች። ፎቶውን አላነሣሁትም።

ማርላ ስብሰባውን ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ አድርጋዋለች። ወደ አምስት እንድታዛውረው ጠይቄያታለሁ። አራት ሰዓት ላይ ትምህርት አለኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የሌላንድን ነፍስ በሰላም ያኑርልሽ። ደብዳቤውን ካነበብሽ በኋላ ብትቆጪም አልቀየምሽም። ባትጽፊልኝም እወድሻለሁ፤ ለእነሱ ግን ጻፊላቸው።

በርጩማሽን ከሱቁ ዕቃ ለይቶ ያልሸጠው
ታናሽ ወንድምሽ