በክርስትና ስም የመጣ ምንጣፍ

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለካሣዬ፤

የሽንሌ ሙቀት ከምን አድርሶህ ይሆን? እኔና ልጃችን ማህደር ደህና ነን። ስልክ ያልደወልኩት ድምፄን ሰምተህ እንዳትኩራራ ነው።

ኅዳር ሲገባ የደብራችን ወለል እግር እንደሚያደነዝዝ ታውቃለህ። በሴቶች በኩል ከሰል በማንደጃ እናስገባ ነበር፤ ጭሱ ያንን የጥንት ሥዕል አጠቆረው፣ አምና ደግሞ እማሆይ ወለተሐና ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ቄሰ ገበዙ ከለከሉ። ዘንድሮ አሮጊቶቹ ቀሩ፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ሁለት እሑድ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት የቶጎጫሌው ሚኒባስ ሾፌር ጌዲ ትልቅ ካርቶን አወረደልን። ሶላር፣ ባትሪና በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ሦስት ምንጣፎች። "ሶላሩ ቤተልሔሙ ጣራ ላይ ይሁን፤ የጥንቱን ግድግዳ ሚስማር እንዳይነካው" የሚል ወረቀት አለው። ሰጪው ወልደሩፋኤል ይላል፤ ሌላ ነገር የለም።

ኮሚቴው በጥርጣሬ ታመሰ። ኮንትሮባንድ ነው ያለ አለ፤ ያቃጥለናል ያለችም አለች። ሰጪው እስከ እሑድ ካልታወቀ ይመለስ ተባለ። እኔ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ። በቁርባን ስንጋባ "ገብርከ ወልደሩፋኤል" የተባለው ማን ነበር?

ከዚያ መጠርጠሩ የኔ ተራ ሆነ። ምንጣፉ ሐምራዊ ነው፤ አንተ ደግሞ በዕድሜህ ቀለም መርጠህ አታውቅም፤ ሴት መርጣለት ይሆናል አልኩ። መናኸሪያ ሄጄ ጌዲን ያዝኩት። "ወላሂ ቶጎጫሌ ገበያ ሲገዛ ብቻውን ነበር። ጫማውን አውልቆ አንድ በአንድ እየረገጠ ባለሱቋን ኻድራን አሰለቻት" አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈ ሰው ለማን እግር ነው እንዲህ የሚጨነቀው?

የንስሐ አባትህን ቄሰ ገበዙንም እጠረጥራለሁ። የክርስትና ስምህን ከኔ በቀር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ትናንት በስብሰባው "ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?" ሲሉ ዓይናቸው ከኔ ያልተነቀለው ለምንድን ነው? ዝም ብል ካርቶኑ ሊመለስ ነው። ተነሣሁ።

"አውቀዋለሁ" አልኩ።

"ምንሽ ነው?"

አራት ዓመት "ባልሽስ?" ላለኝ ሁሉ "የምን ባል?" ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ "ባለቤቴ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው እሑድ መጥቶ ራሱ ይግጠመው" አሉ፤ ፈገግታቸውን በጺማቸው ውስጥ ደብቀው። ተመካክራችሁ ከሆነ ከሁለታችሁም ጋር እንተያያለን።

ቅዳሜ ሳይመሽ ድረስ። አልጋ እንዳትይዝ፤ ባሏ አልጋ ቤት አደረ ብለው ያሙኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

መንገዱን የቀና ያድርግልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

አትጠገብ