ከአየሩ የሚቀድም ስንጥቅ

ኅዳር 6፣ ጠዋት 2 ሰ.
ቁርስ ተበላ። መድኃኒት ተወሰደ። ነፋሱ የአዳማን አቧራ ሁሉ መስኮቴ ላይ ለጥፎታል። ጀማል ኮምፕሬሰሩን አስነሥቷል። ከአጥሬ ሥር ያለው ጎሚስታ፣ ተከራዬ። የአየር ሲሊንደሩ ሆዱ ላይ ተሰንጥቆ ያፏጫል። ይቀየር ብዬ ብነግረው ሳቀ፤ "እትዬ፣ የሚተነፍስ ነገር አይፈነዳም!" ይህ መልስ አይደለም። ደንበኞቹ የሚጠብቁት እዚያው ሲሊንደሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው።

ኅዳር 7፣ ከሰዓት
አያቴ ለማለት አኮ የምትለኝ የልጅ ልጄ ሃዊ መጣች። ለሁለተኛ ዲግሪ የምታጠናው ይህንኑ ነው፦ ብረት በድንገት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ እንዴት እንደሚሮጥ በኮምፒዩተር ማስላት። ብረቱን ወደ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ትከፋፍላለች። የእያንዳንዱን ኃይል ታሰላለች፣ ጊዜን በጥቂቱ ትገፋለች፣ እንደገና ታሰላለች። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሚያሳየው ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው። ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ፦ ወደድሁት። የጀማልን ሲሊንደር አስዪልኝ አልኋት።

ኅዳር 10
ውጤት መጣ። ስንጥቁ ጥቂት ሮጦ ይቆማል፤ አየሩ ቀድሞት ይተነፍስና ግፊቱ ይወድቃል። ጀማል ፊቱ በራ። "አላልኩም? ሃዊዬ፣ ዶክተር ሁኚ!"
እኔ ደስታ አጣሁ። ወረቀቷን አየሁት። የብረቱ ውፍረት ቁጥር ብቻ ነው፤ መለኪያ የለውም። ሚ.ሜ. ነው፣ ይታወቃል አለች። በእኛ ጊዜ ዜሮ ያሰጥ ነበር። ከየት አመጣሽው? ሲሊንደሩ ላይ ካለው ታርጋ። ማለት፣ አዲስ ሳለ። ጀማል ደግሞ ከአየሩ የሚጠራቀመውን ውኃ ከውስጡ የሚያወጣው ሲያስታውስ ነው። ውኃ የተኛበት ብረት ከውስጥ ይበላል። ለክተሽዋል? አልለካችም። "አኮ፣ እርስዎ ደግሞ ያበዙታል!" ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

ኅዳር 11
አልደወለችም። እኔም። ጠየቅሁ እንጂ አልሰደብሁ።
ከአርሲ ነገሌ ስንዴ የጫኑ መኪኖች ጎማ ሊያስነፉ ተሰልፈዋል። አንድ ሹፌር አግዳሚው ላይ ተኝቷል።

ኅዳር 13፣ 11 ሰ.
መጣች! ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ተውሳ። በሲሊንደሩ ሆድ ላይ ስታዞረው ጀማል፣ "እርጉዝ ነው እንዴ? ወንድ ከሆነ ስሙን እኔ ነኝ የማወጣው" አለ። ሹፌሮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቁጥሩ ወጣ። ሆዱ በግማሽ ሳስቷል። ሃዊ ቁጥሩን ጻፈች፤ መለኪያውንም።

ኅዳር 15
ስንጥቁ አይቆምም። አየሩ ተንፍሶ ሳያበቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀደዳል። ሦስት ማዕዘኖቹን አሳንሰሽ ድገሚው አልኋት። ደገመችው። ያው ነው።
ለጀማል ነገርነው። በቀደም ደህና ነው ያለ ኮምፒዩተር ዛሬ ተገለበጠ፣ እሱም እንደ ሰው ነው እንዴ? አለ። እስከ ረመዳን ልሥራበት፣ ከዚያ ሌላ እፈልጋለሁ ብሎ ለመነን። ሃዊ አለቀሰች። ያልለካነውን ነግረን እምነቱን ያሳጣነው እኛው ነን። ረመዳን ሩቅ ነው።

ኅዳር 16፣ ንጋት
እንቅልፍ የለም። ሲሊንደሩ ሌሊቱን በስንጥቁ ሲተነፍስ ያድራል፤ አሁን ባዶ ነው። የሚሞላው መብራት ካለ ብቻ። ቆጣሪው ያለው እኔ ግቢ ነው። ሄጄ የእሱን መስመር አጠፋሁ፤ ሣጥኑን ቆለፍሁ። የልጆቹ እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ እስኪያገኝ ኪራይ አልቀበልም፤ ይበቃው እንደሆነ አላውቅም።
በር ይንኳኳል። "እትዬ! መብራት እናንተም ጋ ጠፍቷል?"
አልዋሸውም። በሩን እከፍትለታለሁ። የቆጣሪውን ሣጥን ግን አልከፍትለትም።