የሰላሙን ደብዳቤ የደበቁት አገረ ገዥ

አገረ ገዥ ቶቢያስ ፔንሃሎ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ኤድመንድ ፔንሃሎ፣ ከእናታቸው ከታማሲን ሮስካሮክ በ1637 ዓ.ም. በኮርንዎል ጠረፍ ተወለዱ። ሁለት ክረምት ከደብሩ ቄስ ማንበብና መጻፍ ተማሩ።

በሃያ አራት ዓመታቸው ወደ ካሪቢያን ተሻግረው፣ በአገረ ገዥ ፈቃድ የስፔንን መርከቦች በሚማርክ መርከብ ላይ ተቀጠሩ። በ1664 የቀድሞው ካፒቴን ሲሞቱ መርከበኞቹ እንደ ልማዳቸው እጅ አውጥተው መረጧቸው። ሌላው ሲያመነታ ቀድሞ እጁን ያነሣው መድፈኛው ጃጎ ትሬዊን ነበር። «ቶቢ ይሁን! ማንኮራፋቱን እንደሆነ ለምደነዋል» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። በዓመቱ የጃጎን እኅት ወይዘሮ ሱዛናን አግብተው ሎቭዴይንና ጄኒፈርን ወለዱ።

በ1669 የሴንት ኬይን ደሴት አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። በእሳቸው ቦታ ካፒቴን ለሆነው ለጃጎም የመማረኪያ ፈቃድ ፈርመው ሰጡት።

በመጋቢት 1671 ከስፔን ጋር ሰላም መውረዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከለንደን ደረሰ። በደሴቲቱ ልማድ ሰላም በአደባባይ ከበሮ ተመትቶ ካልታወጀ ፈቃዱ አይሻርም። እሳቸውም ጃጎ አንድ ጊዜ ወጥቶ ይመለስ ብለው ደብዳቤውን አርባ ቀን ቆለፉበት። ጃጎ ምንም ሳያውቅ ወጥቶ አንድ የስፔን መርከብ ማረከ። ለንደን ጥፋተኛ ሲፈልግ፣ አገረ ገዥው ደብዳቤው በደረሰበት ቀን እንዳወጁና ጃጎ እያወቀ እንደወጣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ማሉ።

ወይዘሮ ሱዛና ከእግራቸው ላይ ወድቀው «አንተ ሰው፣ ደብዳቤውን ያቆየሁት እኔ ነኝ በል!» አሏቸው።

«ሹመቴስ?»

«ሳትሾምም በልተን አድረናል እኮ!»

ግንቦት 18 ቀን 1672 ጃጎ እንደ ባሕር ወንበዴ ተሰቀለ። ዛሬ በቀብራቸው ላይ ጥቁር ለብሳችሁ የተቀመጣችሁ የከተማው ሹማምንት ሁሉ፣ በዚያ አርባ ቀን ከበሮ እንዳልተመታ ታውቁ ነበር። አንዳችሁም አፋችሁን አልከፈታችሁም።

አገረ ገዥው እስከ ዕለተ ሞታቸው ከሹመታቸው አልወረዱም። ሁለት ዓመት ሰውነታቸው በውኃ እያበጠ ታመው፣ ኅዳር 9 ቀን 1684 ዓ.ም. በአርባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ትተዋል። ይህ ታሪክ ምንም ሳይቀነስ እንዲነበብ ያዘዙት ወይዘሮ ሱዛና ናቸው፤ የጻፈውም የጃጎ ልጅ ነው።

ለነፍሳቸው ምሕረት የሚለምን ይለምን። እኛ ለጃጎ ነፍስ ስንለምን ዐሥራ ሁለት ዓመት ደክመናል።