የአባባ ጉሮሮ

ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

የአባባ ድምፅ ሰሞኑን ሲሻክር ብርድ መስሎኝ ነበር። ዛሬ የጋቢያቸው ጫፍ ላይ ደም አየሁና አፋቸውን አስከፍቼ በስልኬ መብራት ተመለከትኩ። ከእንጥላቸው ጀርባ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። አልቅት ነው። ባለፈው ሳምንት ከከላላ ሲመለሱ ከጠጡት ምንጭ የገባ መሆን አለበት።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ይነቅሉታል» አልኳቸው።

«ሲነቀል ይደማል። የሚደማ ቄስ ደግሞ መቅደስ አይገባም። ያለነው ሁለት ቄሶች ነን፤ እኔ ከቀረሁ የነገው ቅዳሴ ይታጎላል።»

«አሁንስ እየደሙ አይደል?»

«አብሽሪ ልጄ፤ እሱን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን።»

ቀዝቃዛ ውሃ በአፋቸው እንዲይዙ ለመንኳቸው። አልቅት ውሃ ፍለጋ ይወጣል ይባላል። ለቅዳሴው ጾም ስለጀመሩ እሱንም እንቢ አሉ።

ለተማሪዎቼ ጉሮሮን በሰሌዳ ስስል፣ ስንውጥ የአየር ቧንቧውን ክዳን ይዘጋዋል፤ ስንተነፍስና ስናዜም ግን ክፍት ነው እላለሁ። አባባ ነገ ከንጋት ጀምሮ ሊያዜሙ ነው። ትንፋሽ ሲስቡ አልቅቱ በዚያው ቢወርድስ?

ለሌላው ቄስ ልነግር ተነስቼ ነበር። አባቴ ደማቸውን ደብቀው ሊቀድሱ ነው ብዬ እንዴት ልናገር? ከበር ተመለስኩ።

አሁን በወዲያኛው ክፍል ዜማቸውን እየሞከሩ ነው። በየመሃሉ ያቋርጣሉ። ምን እየዋጡ እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም ዝም ብያለሁ።