ሰው ሊያከብሩበት ተሠርቶ ቡና ስለከበረበት የሲሚንቶ መድረክ

ዲላ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ሠረቀብርሃን
የክብር መድረክ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የረዘመ ይሆን ዘንድ እየተመኘሁ፣ በምረቃው ዕለት ወንበርዎ ቁልቁል ሲንሸራተት የተጎዳው ወገብዎ ተሽሎት እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፩ኛ፤ ኮሚቴዎ ታላላቅ እንግዶች የሚቀመጡበት መድረክ አሠራለሁ ብሎ፣ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ አቻ የሌለው የቡና ማስጫ ስላሠራልን ውለታዎን አንረሳም። ወለሉ ውሃ እንዳይቋጥር ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ዙሪያውን ፍሬ እንዳይንከባለል ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ ከጠርዙም ሥር የዝናብ መውጫ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። እነዚህን ቀዳዳዎች ኮሚቴዎ ለእንግዶቹ «የዘመኑ ጌጥ» ብሎ ማስረዳቱን ሰምቼ እጅግ ኮራሁ።

፪ኛ፤ የዚህን ጥበብ ምንጭ ለማወቅ ጓጉቼ ግንበኛውን ዘነበን ብጠይቀው፣ ዕድሜ ልኩን ሲሚንቶ ያፈሰሰው ለቡና ነጋዴዎች ብቻ መሆኑን፣ ኮሚቴውም ርዝመቱንና ወርዱን እንጂ ምን እንደሚሰጣበት እንዳልነገረው ገለጸልኝ። «ሰው እንደሚቀመጥበት ባውቅማ ጋሼ፣ ለጥ አድርጌ እሠራው ነበር» አለኝ።

፫ኛ፤ ወይዘሮ ሙሉካ በእርግጥ ጥፋተኛ ናቸው። ግቢያቸው በእንሰትና በዛፍ ጥላ ስለተሸፈነ፣ የዓመት ልፋታቸውን፣ ያን እርጥብ ቡና፣ ማንም የቡና ሰው አይቶ ማስጫ ነው በሚለው ቦታ ላይ አሰጡት። ዘበኞችዎ ደግሞ «መድረክ ተደፈረ» ብለው በጆንያ አጭቀው ዕቃ ቤት ቆለፉበት። እርጥብ ቡና ታፍኖ ከሦስት ቀን በላይ ቢቆይ እንደሚሻግት ለክቡርነትዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ዛሬ ሁለተኛው ቀን መሆኑን ብቻ ላስታውስ።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ሦስተኛው ስለሚቸኩል ትቼዋለሁ። ስለዚህ ቡናው ሳይበላሽ ለወይዘሮ ሙሉካ እንዲመለስላቸው እየለመንኩ፣ እርስዎም ለሚቀጥለው ንግግርዎ ከወንበርዎ እግር ሥር ድንጋይ እንዲያስደግፉ በአክብሮት እመክራለሁ።

ባዘነበለ ወለል ላይ ሳይቀር ቀጥ ብሎ እጅ የሚነሳዎ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥና የቅርብ ጎረቤት፣
ባልቻ

ማሳሰቢያ፤ ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ የደረሰኝ ወሬ ነው። የዕቃ ቤቱ ሽታ ጸሐፊዎን ከወንበሩ ስላስነሣው፣ ዘበኞችዎ ቡናውን አውጥተው እዚያው መድረክ ላይ አስጥተውታል፤ ወይዘሮ ሙሉካም ማገላበጥ አታውቁም ብለው እየተቆጡ ያስተምሯቸዋል። እንግዲህ አሁን መድረኩን የደፈሩት ዘበኞችዎ ስለሆኑ፣ እነሱ በጆንያ ታጭቀው የሚቆለፉበትን ቀን ቢያሳውቁን፣ ጆንያውን እኛ ይዘን እንቀርባለን።