የተዘቀዘቀው ጥለት

ሐሙስ፣ የካቲት 10 ቀን 2008

ነፋስ። ከእንጦጦ የሚወርደው አቧራ በመስኮቱ ገብቶ ነጩን ጨርቅ አበላሸብኝ። የነበርነው እኔ፣ የእህቴ ልጅ ሊድያ፣ በኋላ ደግሞ ማንም ሳይጠራት እህቴ እትዬ አስካለ።

የሊድያን ካባ ሰፍቼ ጨረስኩ። እሷና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ቅዳሜ ሲግናል ሰፈር ያለ ፎቶ ቤት ገብተው የካርቱን ሰዎች መስለው ይነሳሉ። «ኮስፕሌይ» ይሉታል። እሷ ጦረኛ ናት። ሥዕሉን ስልኳ ላይ አየሁት፤ ነጭ ካባ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጥለት። ስፌት የተማርኩት ከልብስ ሰፊ ደጅ በተጠረገ ቁርጥራጭ ነው፤ ያየሁትን እሰፋለሁ። ጥለቱን ከራሴ የድሮ ቀሚስ ፈታሁ።

ለብሳው ስትዞር እትዬ አስካለ ገባች። ደርቃ ቀረች። ጥለቱ አንገት ላይ፤ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ለቀስተኛ። እኔ ለምን እንዳልታየኝ እንጃ።

«ልጄን በቁሟ ታለቅሺባታለሽ?» አለችኝ። «ያልወለድሽ ምን ይገድሻል!»

ጎንበስ ብዬ የወዳደቀውን ክር ለቀምኩ። መልሼላት አላውቅም።

ዓርብ

ብርድ። አስካለ (ዛሬ እትዬ አልልም) ከቁርስ በፊት ደጄ ላይ ቆመች። «ነገ በዚያ ልብስ ከወጣች፣ አንቺም የስፌት መኪናሽን ይዘሽ ውጪልኝ።»

አሥራ አንድ ዓመት በግቢዋ፣ በዚህች ሰርቪስ ክፍል። መጋረጃዋን፣ የልጇን ዩኒፎርም፣ ለባሏ ሐዘን የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያኔ እጄ ሟርት አልነበረውም።

ፈራሁ። ጥለቱን ወደ ታች ላወርደው ግማሹን ተረተርኩ። ሊድያ መጥታ መቀሱን ነጠቀችኝ።

«አክስቴ፣ ተዪው! ታሪኩን አልነገርኩሽም እንዴ? ወንድሟን ገድለውባት እኮ ነው የምትዘምተው። ሐዘን ላይ ናት።»

«ለእናትሽ ንገሪያት።»

«ነገርኳት። ‹ካርቱን ደግሞ ምን ወንድም አለው?› አለችኝ።»

ሳቄ መጣ። የተረተርኩትን መልሼ ሰፋሁ፤ በድርብ ክር።

ለነገ፦ መርፌ ቁልፍ። ነጭ ክር። ሙጫ (ጎራዴው ካርቶን ነው፣ እጀታው ይላቀቃል)። አፌን መዝጋት።

ቅዳሜ

ፀሐይ። ፎቶ ቤቱ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሳለበት፣ የላስቲክ አበባ የሞላበት ነው። ባለቤቱ ሊድያን ሲያያት ካሜራውን አስቀመጠ።

«ማዘር፣ ይሄማ የለቅሶ ነው። ከእናንተ ቀጥሎ ሙሽራ ትመጣብኛለች። ሟርት አታምጡብኝ።»

ማዘር! መቼ ወለድኩት? ከጓደኞቿ አንዱ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለና ሌሎቹ ሳቁ። የሊድያ ዓይን እንባ ሞላ።

«ሰዓቱ የእኛ ነው» አልኩት። «አንሳ።»

ድምፁ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ሰውየውም የጠበቀው አልመሰለኝም፤ አነሳ። ፏፏቴውን በጥቁር ጨርቅ አስሸፈንኩት። ጎራዴው ሁለቴ ወደቀ፤ ሰደብኩት። አንዱ ፎቶ ላይ ሊድያ ጥለቱን በእጇ ጨብጣለች፣ አትስቅም። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም። ሌላ የሚለኝ ስለሌለ እኔው እጽፈዋለሁ፦ ጥሩ ሠርቻለሁ።

ስንመለስ አስካለ በር ላይ ነበረች። «ነግሬሽ ነበር» አለችና ገባች። ጉርድ ሾላ ያለች ደንበኛዬ ከሱቋ ጀርባ ባዶ ክፍል አላት። ደወልኩላት። «ነይ» አለችኝ።

እሑድ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። የስፌት መኪናውን ራስ ከእግሩ ፈትቼ በተረፈው ነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት። መርፌዎቼን ቆጠርኩ። ክፍሉን ጠረግኩ፤ ቆሻሻ ትታ ሄደች እንዳትለኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ወጣሁ።

አስካለ ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማለች። አየችኝና ክው አለች።

«ምነው! ማን ሞተብሽ?»

«እህት ነበረችኝ» አልኳት።

የመኪናውን እግር ሊድያ ተሸከመችልኝ፤ ራሱን እኔ ታቀፍኩት። ቁልቁለቱን ወርደን ታክሲ ያዝን። ታክሲው ውስጥ ነጠላዬን ወደ ደንቡ ልመልሰው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ሊድያ አስተካከለችልኝ።